መነጽር ግዛ፣ ቃታውን አትንካ፣ ቀለህ አትሙላ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የማርሰው ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ አቅራቢያ ነው። ማሽላና በቆሎ አለኝ፤ ጥቂት ማንጎና ብርቱካንም ተክያለሁ። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርት መከራዬን አበላኝ። ደላንታ ያሉት አጎቴ ደግሞ ቀበሮ ግልገል እየነጠቀ አስቸግሯቸዋል። ከአባቴ የወረስኩት፣ በስሜ የተመዘገበ ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ። ቃታው መጀመሪያ ልል ነው፣ ከዚያ ይከብዳል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ጠመንጃቸው ላይ ትልቅ መነጽር አስረው፣ ቃታ አቅልለው፣ ጥይት ራሳቸው እየሞሉ ከ300 ሜትር ተባይ የሚመቱ ሰዎች ናቸው። 24 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ሊልክልኝ አስቧል። እዚህ ቃታ በሞረድ የሚያለሰልስ ሰው አግኝቻለሁ። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህም አጠራቅሜያለሁ። ምን ትላለህ? ስንት ባሩድ ልጨምርበት?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ስንት ባሩድ እንደሚጨመር አልነግርህም፤ ሌላ ሰው ቢነግርህም አትስማው። ቃታህንም ለሞረድ አትስጥ። የመነጽሩ ሐሳብ ግን ግማሹ ልክ ነው። መነጽር ያስፈልግሃል፤ የሚያስፈልግህ ግን ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው አይደለም።

ቪዲዮው ውሸት የለበትም። ሥራው ግን ካንተ ሥራ ጋር አይገናኝም። እነዚያ ሰዎች የሚተኩሱት ለጥ ባለው የአሜሪካ ሜዳ ላይ፣ ፕሬሪ ዶግ በምትባል አንድ ኪሎ ገደማ በምትመዝን ጉድጓድ ቆፋሪ ላይ ነው። አካባቢው ላይ ቤት የለም፣ እረኛ የለም። ተኳሹ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል። እንስሳዋም ጉድጓዷ አፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ኢላማው ትንሽ፣ ርቀቱ ብዙ፣ ጊዜው እንደ ልብ ነው። ትልቅ መነጽርም፣ ቀላል ቃታም፣ አንድ በአንድ የተመዘነ ባሩድም ትርጉም የሚኖራቸው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ጥይቱም ሌላ ነው። በብዛት የሚጠቀሙት 223 ሬሚንግተን የሚባለውን ነው። አረሩ 3 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ልባሱ፣ ማለትም የአረሩ የውጭ ሽፋን፣ ስስ ስለሆነ መሬት ሲነካ ይበታተናል፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ያንተ ቤልጅግ ግን ማውዘር የሚባል የ7.92 ሚሊ ሜትር የወታደር ጠመንጃ ነው። የዚህ አረር ከ10 እስከ 13 ግራም ይመዝናል። ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ ሙሉ ልባስ ያለው ጠንካራ አረር ነው። ድንጋይ ሲነካ አይፈረካከስም፤ አቅጣጫ ቀይሮ ይሄዳል። የሚያቆመው ካላገኘ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አሁን ማሳህን አስበው። ከበላይህ ገደል፣ ከገደሉ በላይ መንደር፣ ከበታችህ የጎረቤት እርከን፣ መሀል ላይ ከብት የሚያግድ ልጅ አለ። ዝንጀሮ ደግሞ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይወዳል።

ሕጉንም አትርሳ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቀው መሣሪያ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ለመሥራትና ለመጠገንም ጭምር ነው። ሞረድ ይዞ የሚጠብቅህ ሰው ፈቃድ እንዳለው ጠይቀው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕጉ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጠመንጃው በስምህ መመዝገቡ የአደን ፈቃድ አይሆንህም። «ሰብሌን በላብኝ» ብለህ መተኮስ ከመጀመርህ በፊት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክት፤ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለንበት ጊዜ ወሎ ውስጥ ሌሊት ጥይት ሲጮህ «እገሌ ጃርት እያባረረ ነው» ብሎ ተመልሶ የሚተኛ ሰው የለም።

አሁን ወደ መነጽሩ። 24 እጥፍ የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያታልላል። ማጉላት ሲጨምር ሌላው ሁሉ ይቀንሳል። በ24 እጥፍ ስታይ 100 ሜትር ላይ የሚታይህ ስፋት ከሁለት ሜትር ያነሰ ነው። ዝንጀሮው አንድ እርምጃ ዘወር ካለ ጠፋ። ፈልገህ እስክታገኘው መንጋው ሁሉ ገደሉን ወጥቷል። የልብህ ምት ሳይቀር መነጽሩ ውስጥ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀል ያንቀጠቅጠዋል። ረፋድ ላይ ቆላው ሲግል ከመሬት የሚነሳው የአየር ንዝረት አብሮ ይጎላና ምስሉ እንደ ውሃ ይዋልላል።

ብርሃኑም አለ። የፊተኛውን መስታወት ስፋት በማጉያው ቁጥር አካፍለው፤ የምታገኘው ዓይንህ ጋ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ መስታወት በ24 ሲካፈል ሁለት ሚሊ ሜትር ይደርስሃል። 42 በ8 ሲካፈል ግን ከአምስት ያልፋል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ ሰባት ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ፣ ዝንጀሮው ከገደሉ ሲወርድ፣ ያ ትልቅ መነጽር ጥቁር ነገር ነው የሚያሳይህ። ራስህ ማየት ትችላለህ። ማንኛውንም መነጽር ክንድህን ዘርግተህ ወደ ሰማይ ያዘው። የኋላው መስታወት መሀል ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ትታይሃለች። ማጉያውን ስትጨምር ክቧ ትኮማተራለች፤ ስትቀንስ ትሰፋለች። ሱቅ ገብተህ መነጽር ስትመርጥ መጀመሪያ የምታየው እሷን ይሁን።

ቤልጅጉ ላይ መነጽር ማሰር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጥይት የምታቀባብልበት እጀታ ስታነሳው ወደ ላይ ይመጣል፤ መነጽሩን ይመታዋል። ከኋላ ያለችው የመቆለፊያ ምላስም ሽቅብ ስለምትገለበጥ መነጽር ካለ አትዞርም። የመቆለፊያዋን ነገር በተለይ አስተውል፤ ጥይት ጎርሶ መቆለፍ የማይችል ጠመንጃ ይዘህ ማሳ ውስጥ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ከላይ የምታጎርስበት የጥይት መደርደሪያ ቦታም ይዘጋል። ይህን ሁሉ ለማስተካከል እጀታው በእሳት ግሎ መታጠፍ፣ መቆለፊያው መለወጥ፣ የጠመንጃው አካል በትክክለኛ መሰርሰሪያ መበሳት አለበት። እጀታው ሲግል ሙቀቱ ወደ ቆላፊዎቹ ጥርሶች ከዘለቀ ብረቱ ይለዝባል። እነዚያ ጥርሶች ናቸው ፍንዳታውን ከፊትህ የሚያግዱት። የአባት ቅርስ በዚህ መንገድ ተበላሽቶ ሲመጣ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ርካሽ መነጽሮች ሌላም ጠባይ አላቸው። ዓይንህን በጣም ካላስጠጋህ አይታዩም። የአየር ጠመንጃ ላይ ምንም አይደለም። ማውዘር ግን ይራገጣል። በዓይንህና በመነጽሩ መካከል ስምንት ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከሌለ ቅንድብህ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ይቆርጥልሃል። ያ ጠባሳ ያለበትን ሰው ካየህ ምን እንደገዛ አትጠይቀው።

ስለዚህ ለወንድምህ እንዲህ በለው፦ «የጠመንጃውን ተወውና በእጅ የሚያዝ 8 በ42 መነጽር ላክልኝ።» 8 ማጉያው ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ስምንት እጥፍ በእጅ ተይዞ አይንቀጠቀጥም። ጎሕና ምሽት ላይ ብርሃን ይሰበስባል። አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ትውላለህ። ከማማህ ላይ ሆነህ መንጋው ገና ገደሉ ጫፍ ላይ እያለ ታየዋለህ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ትልቁ ወንድ የት እንደተቀመጠ፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርዱ ታውቃለህ። ከመግዛቱ በፊት ውሃ የማያስገባ መሆኑን ይጠይቅ። በእጁ ያለውን መነጽር ለመመልከቻ እንኳ ተጠቅሞበት የማያውቅ ሰው ጠመንጃ ላይ ቢያስረው ምንም አይጨምርለትም። በጠመንጃ መነጽር ሰውን ወይም የሰው ቤት መመልከት ደግሞ ከነውርም በላይ ነው፤ አፈሙዝ ወደ ሰው ማዞር ማለት ነው።

አንድ ቀን በሕጋዊ መንገድ የአደን ጠመንጃ ቢኖርህ፣ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ 40 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው በቂህ ነው። ማሰሪያው ላይ አትቆጥብ። ልል ማሰሪያ ላይ የተቀመጠ ውድ መነጽር ከተራ ማነጣጠሪያ ያንሳል።

እስከዚያው በብረቱ ማነጣጠሪያ ያለህን እወቅ። የኋላው ማነጣጠሪያ የመጀመሪያ ቁጥሩ 2 ከሆነ 200 ሜትር ማለት ነው፤ 100 ሜትር ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል። ለ100 ሜትር ብታስተካክለው ደግሞ 300 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል። ተዳፋትም ሌላ ነገር ነው። ሽቅብም ተኮስክ ቁልቁል፣ አረሩ ሜዳ ላይ ከለመድከው ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ምድር የምትስበው በአግድሙ ርቀት ልክ ስለሆነ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 200 ሜትር የሚመስልህ ለጥይቱ 173 ሜትር ነው። ብዙ ሰው «ቁልቁል ስተኩስ ዝቅ ይላል» ይላል። ተገላቢጦሹ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል አረሩ ፍጥነቱን በዝግታ ነው የሚያጣው፤ ደላንታ ላይ የተስተካከለው መርሳ ላይ በረጅም ርቀት ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ባንተ ርቀት ግን ይህ ልዩነት አያስጨንቅህም።

ወደ ቃታው ልምጣ። «መጀመሪያ ልል ነው፣ ከዚያ ይከብዳል» ያልከው ብልሽት አይደለም። የወታደር ማውዘር ቃታ ሲሠራ ጀምሮ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በለስላሳው ይሳባል፣ ከዚያ አንድ ነገር የነካ ያህል ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ስትጨምር ይለቃል። ሆን ተብሎ ነው። ስትስብ ውስጥ ያለ ትንሽ የብረት ጥርስ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ያ ጥርስ የመርፌውን ጀርባ ይዞታል። የመጀመሪያው ልል ጉዞ ጥርሱን እስከ ጠርዝ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ይለቀዋል። ጠመንጃው ከትከሻ ቢወድቅ ወይም በጥድፊያ ቢቀባበል እንዳይተኩስ የሚያደርገው የጥርሱ ይዞታ ወፍራም መሆኑ ነው።

ሞረድ ያዡ ሰውዬ የሚያደርገው ያንን ይዞታ ማሳነስ ነው። የመጀመሪያ ቀን ደስ ይልሃል፤ ቃታው እንደ ቅቤ ይሆናል። ችግሩ ብረቱ ላይ ነው። ጥርሱ በእሳትና በካርቦን የጠነከረው ከላይ ብቻ ነው። ጠንካራው ሽፋን ስስ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሞረዱ ሽፋኑን ከበላው ለስላሳው ብረት በተተኮሰ ቁጥር ይበላል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል። ከወራት በኋላ እጀታውን ገፋ አድርገህ ስትቆልፍ ጣትህ ቃታው አጠገብ ሳይደርስ ይተኩሳል። ፕሬሪ ዶግ የሚተኩሱት ሰዎች አንድ ኪሎ ባልሞላ ጉልበት የሚለቅ ቃታ ይጠቀማሉ፤ እውነት ነው። ግን ሞርደው አይደለም። ለዚያ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ቃታ ገዝተው፣ ያውም ጥይት የሚያጎርሱት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ጠመንጃ ተሸክሞ ገደል ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ሁለት ኪሎ ከዚያም በላይ የሚፈልግ ቃታ ጠላቱ አይደለም።

ማድረግ የምትችለው ይህን ነው። ካዝናውንም የበርሜሉን ጎሬም ባዶ መሆናቸውን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። አፈሙዙን ሰው በሌለበት አቅጣጫ አዙር። እጀታውን ጠንከር አድርገህ ዝጋ፤ ሰደፉን ወፍራም ጨርቅ ላይ መታ መታ አድርግ። መርፌው በራሱ ከወረደ ጠመንጃው ታሟል፤ ጥይት አታጉርሰው፣ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይሂድ። ካልወረደ ግን «ቃታው ከበደኝ» የሚያሰኝህ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ቅባት ነው። አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ የዓመታት ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ሙጫ ይሆናል። በላምባ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። የቀረው የጣት ልምምድ ነው። በባዶው፣ ወደ አፈር ግድግዳ አነጣጥረህ፣ ቀስ ብለህ መሳብ ተለማመድ። ከሞረድ ይበልጣል፤ አያስከፍልም።

አሁን ቀለህ ወደ መሙላቱ። አሜሪካ ያሉት ይህን የሚያደርጉት ለምንድነው? ጠመንጃቸው ከመጀመሪያው 100 ሜትር ላይ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ክብ ውስጥ ጥይቶቹን ስለሚሰበስብ ነው። ያንን ወደ ሁለት ለማውረድ ይለፋሉ። የወታደር ማውዘር በወታደር ጥይት ብዙ ጊዜ ስምንት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው የሚሰበስበው፤ በርሜሉ ከተበላ ከዚያም ይብሳል። እሱ ላይ ባሩድ መዝኖ ትርፍ መፈለግ አያዋጣም።

አደጋው ግን ሙሉ በሙሉ ይጠብቅሃል። 7.92 ማውዘር ሲተኮስ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ከሺህ እጥፍ በላይ ነው፤ ጉንጭህ ከዚያ ጥቂት ጣት ይርቃል። ያንን ግፊት የሚወስነው የባሩዱ ብዛት ብቻ አይደለም። ዓይነቱ ነው። የሽጉጥ ባሩድና የጠመንጃ ባሩድ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የሚቃጠሉበት ፍጥነት ግን ሌላ ነው። ከሌላ ጥይት ተፈቶ የወጣ ባሩድ ስሙን ጀርባው ላይ አልጻፈም። ድሮ የአገር ባሩድ በስፍር ይሰፈር ነበርና አንዳንድ ሰው ዘመናዊውንም ባሩድ በስፍር ልስፈር ይላል። ያ ሰው ጠመንጃውን ቦምብ እያደረገው ነው። «እንግዲያው አሳንሼ ልጨምር» ማለትም አያድንም። ባሩዱ ካነሰ አረሩ በርሜሉ መሀል ተሰንቅሮ ይቀራል። ተኳሹ «ሳይፈነዳ ቀረ» ብሎ ሁለተኛ ያጎርሳል። ሁለተኛው ሲተኮስ በርሜሉ ይሰነጠቃል።

ያጠራቀምከውን ቀለህ ተመልከት። አንዱን ወደ ብርሃን አዙረህ ውስጡን አጮልቀህ እይ። ግርጌው ላይ፣ መሀል ላይ አንዲት ቀዳዳ ካየህ በመሣሪያ ሊሞላ የሚችል ዓይነት ነው። ጎን ለጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካየህ፣ በወታደር ጥይት ላይ ብዙ ጊዜ የምታየው ይህ ነው፣ አሜሪካኖቹም ራሳቸው ይጥሉታል። የተተኮሰችው መለኮሻ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ክፍል፣ በተለመደው መሣሪያ አትወጣምና። ከዚያ ወደ ውጭ አገላብጠው። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ካለ ናሱ ተለጥጧል ማለት ነው። ዳግም ቢተኮስ እዚያው ላይ ይበጠሳል። አንገቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። እነዚህን ዕቃ ቤት ውስጥ አታስቀምጥ፤ ልጆች ይጫወቱበታል።

ካልተተኮሱት ጥይቶች መካከል ማሳ ውስጥ ወይም ምሽግ ውስጥ የተገኙ ካሉ ደግሞ ነገሩ ይለያል። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወሎ ውስጥ ገበሬ ሲያርስ ጥይትም ከዚያ የባሰም ነገር አግኝቷል። አትፍታው። ባሩዱን አታውጣ። እሳት ዳር አታድርቀው። ጥይት ያልሆነ ነገር ከሆነ እንዳለ ተወው፣ ቦታውን ምልክት አድርግ፣ ለፖሊስ ተናገር።

የፋብሪካ ጥይት ብቻ ተጠቀም፤ ቁጥሩ በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አይተህ። የቆየ የወታደር ጥይት ከተኮስክ በዘይት ማጽዳት ብቻ አይበቃም። የድሮው መለኮሻ በርሜሉ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ውሃ ነው የሚያሟሟው። በዚያው ቀን ሙቅ የሳሙና ውሃ አሳልፈህ፣ በንጹሕ ውሃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ከዚያ ዘይት ቀባ። ቤልጅጎቹን ከጥይት በላይ የጨረሳቸው ይህ ዝገት ነው።

«ታዲያ ዝንጀሮውን ምን ላድርገው?» ትለኛለህ። ዝንጀሮን አንዱን ገድለህ መንጋውን አታስቀረውም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ያውቃል፤ ጠመንጃው ከሌለ ደግሞ ያውቃል። ከገደሉ ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ምሳህን ስትበላ ይወርዳል። ከትልቅ ወንድ ይልቅ ሴትና ልጅ ሲጠብቁ ይደፍራል። ስለዚህ ሥራው የሰዓት ሥራ ነው። ማሽላና በቆሎ እሸት ከያዙበት እስኪደርቁ ያሉት ሳምንታት ናቸው ወሳኞቹ። ያኔ ማማው ላይ ከጎሕ እስከ ምሽት ሰው መጥፋት የለበትም። ይህንን አንድ ቤተሰብ አይችለውም። የቅሬው ሰዎች ተሰብስባችሁ ተራ አውጡ፤ ማሳዎቹ ከተያያዙ አንድ ዘብ ከወንጭፍና ከጅራፍ ጋር ለአምስት ቤት ይበቃል። ውሻ ይጨመር። የእጅ መነጽሩ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚከፍለው። መንጋውን ገደሉ ላይ ሳለ ካየኸው ጩኸትህ ይሠራል፤ በቆሎው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አንድ አንድ ነቅሎ እስኪወጣ ትጮኻለህ። በማሳውና በጫካው መካከል ያለውን ቁጥቋጦ መንጥር፤ ተደብቆ የሚጠጋበት ያጣል። በገደሉ በኩል ባለው ጠርዝ በቆሎ አትዝራ፤ በርበሬ አድርግበት። በቆሎውን ወደ ቤት አምጣው።

ጃርት በጠመንጃ የሚሞከር አይደለም። ሌሊት ነው፣ መሬት ላይ ነው፣ ከኋላው ምን እንዳለ አይታይም። በጨለማ የሚንኮሻኮሽ ነገር ላይ ተኩሶ ጎረቤቱን የመታ ሰው ታሪክ በየወረዳው አለ። ለጃርት ጥልፍልፍ ሽቦ ነው መፍትሔው። ከመሬት በላይ ወገብ ድረስ፣ ከመሬት በታች ሁለት ስንዝር የተቀበረ። ቆፋሪ ስለሆነ ከታች ያልተቀበረ አጥር ቀልዱ ነው። ሙሉ ማሳውን ማጠር ካልቻልክ ችግኞቹን አንድ በአንድ እጠር፤ ቅርፊት መላጥ ይወዳል።

የቀረው የአጎትህ ጉዳይ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ደላንታ ላይ «ቀበሮ» ሁሉ አንድ አይደለም። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ከፍተኛ ቦታዎች ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ደላንታም ላይ ሲኖር ቆይቷል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ በዓለም ላይ የቀረው ከጥቂት መቶ አይበልጥም። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው፤ የገብሱን ማሳ የሚያጠፋውን አይጥም ይለቅማል። ግልገል የሚነጥቀው ብዙ ጊዜ ተራው ቀበሮ ነው፤ አመድማ ወይም ጀርባው ጠቆር ያለ፣ እግሩም አጠር ያለ። በጎሕ ጭጋግ፣ ከ200 ሜትር፣ በባዶ ዓይን ሁለቱን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። አጎትህ እንዳይተኩሱ ንገራቸው። ግልገሎቹ ሌሊት ጣራ ያለው በረት ውስጥ ይደሩ፤ በመውለጃው ወቅት እረኛው አይለይ። ውሾቻቸውንም የእብድ ውሻ በሽታ ያስከትቡ። ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ እየጨረሰው ያለው ከውሻ የሚጋባበት ይህ በሽታ ነው፤ ውሾቹ መከተባቸው ለልጆቻቸውም ደኅንነት ይጠቅማል። ክትባቱን የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ይጠይቁ። ግልገል ከጠፋም የተበላበትን ቦታና ዱካውን ፎቶ አንስተው ለእሱ ያሳዩት፤ የትኛው እንስሳ እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል።